ሰባት ቤት ሲቆጠር ያልተቆጠረው

በእኛ ዘመድ መካከል አጎቴ ሳይቆጥሩ የተደገሰ ሠርግ የለም። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከጉና ግርጌ ገብስና ድንች እያመረቱ፣ በግ እያረቡ የሚኖሩ፣ ክረምትም ሆነ በጋ በርኖሳቸውን ከትከሻቸው የማያወርዱ ሰው። አንድ ልጅና አንዲት ልጅ ሊጋቡ ሲታሰብ ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ እርሳቸው ነው። እርሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው ዘንጋቸውን እየመቱ የሁለቱንም ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ዘመድ ሆነው ከተገኙ ሠርጉ ቀረ ማለት ነው። ባይገኙም እንኳ አጎቴ ትንሽ ያዘገዩታል። “ቆይ እስቲ፣ አንዲት ሴት ትቀረኛለች” ይላሉ። ያን ጊዜ የሙሽራው አባት ጠላ እንዲጨመርላቸው ሚስቱን በዓይኑ ይጠቅሳል። ያቺ የምትቀረው ሴት ሁልጊዜ ዋንጫው ከተሞላ በኋላ ነው የምትገኘው።

እኔ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የዘር ውርስ ምዕራፍ ሲደርስ ሰሌዳው ላይ የአተር አበባ እሥላለሁ፤ ነጩ ከሐምራዊው ሲዳቀል ምን ዓይነት አበባ እንደሚወጣ አስረዳለሁ፤ ተማሪዎቹም ስለ ፈተናው ይጠይቁኛል። ከዚያ በላይ የሚመለከተኝ ነገር አይመስለኝም ነበር።

እህቴ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። ገላዋን ስትታጠብ ጡቷ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር አገኘች፤ ሲመረመር ነቀርሳ ሆነ። ቀዶ ጥገናውንም መድኃኒቱንም እንደ ምንም አሳለፈችው። ሐኪሞቿ እናታችን ገና በወጣትነቷ በዚሁ በሽታ እንደሞተች ሲሰሙ ግን ነገሩን አልወደዱትም። ደሟን ወደ ውጭ አገር ልከው አስመረመሩ። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ፣ ለጡት ነቀርሳ የሚያጋልጥ ለውጥ ተገኘባት።

በስልክ ነው የነገረችኝ።

“የእማዬን ሐብል ለብቻሽ ወሰድሽ እያልሽ ስታሚኝ ኖርሽ አይደል?” አለችኝ። “እነሆ፣ ሌላም ነገር ወስጄ ኖሯል። ይኼኛው ግን ለሁለት ሳይካፈል አልቀረምና ሄደሽ ታዪ።”

እህቴ እንዲህ ናት። ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የራት ሰዓት እስኪያልፍ አልተነሣሁም። ልጄ መጥታ፣ “እማ፣ ዛሬ ራት የለም?” አለችኝ። አንዲት ልጅ ናት ያለችኝ። ፊቷን ሳይ ያ የአተር አበባ ትዝ አለኝና ዓይኔን መለስሁ።

ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ያለ በዘር የሚወርድ በሽታ ያለባቸውን ቤተሰቦች የምታማክር ሐኪም እንዳለች እህቴ ነገረችኝ፤ ደወልሁላት። ድምፅዋ የልጅ ነው። “ከመምጣትሽ በፊት በእናትሽ ወገን ማን በምን እንደሞተ ጠይቂልኝ” አለችኝ። የእናቴን ወገን ለማወቅ ደግሞ የሚኬድበት ቤት አንድ ብቻ ነው። በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበረ ወደ አጎቴ ወጣሁ።

አጎቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ባለቤታቸው አጠገባቸው ድንች ይልጣሉ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣

“ጋሼ፣ አያቴ በምን ነበር የሞቱት?” አልኋቸው።

“በሞት” አሉኝ።

“እሱንማ አውቃለሁ። ምን አሟቸው?”

“ምች መታት።”

“ታናሽ እህታችሁስ? ያቺ በወጣትነቷ የሞተችው አክስቴ?”

“እሷንም ምች።”

“እናቴንስ?”

“እሷማ ሐኪሞቹ ብዙ ነገር ብለዋል። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ምች ነው።”

“የእኛ ቤት ምች ሴት ብቻ ነው እንዴ የሚመታው?”

ከአጎቴ በፊት ባለቤታቸው ቢላዋውን ድንቹ ላይ አቁመው ተናገሩ።

“እሳቸውን ተያቸው፤ የሚያውቁት ማን ማንን እንደወለደ ነው። በምን እንደሞተማ የምናውቀው ገላ ያጠብነው ነን። ጡት ነው ልጄ። አያትሽም፣ አክስትሽም፣ እናትሽም። አያትሽ ቁስሉን በመቀነቷ አሥራ፣ በነጠላዋ ሸፍና ነው ይዛው የኖረችው። አክስትሽማ ገና ጡት የምታጠባ ልጅ ነበረች።”

አጎቴ ፀሐዩን ትተው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። “ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?”

“ስለ ጡት ከወንድ ጋር ይወራል እንዴ?” አሉ ባለቤታቸው፣ ድንቻቸውን መላጥ ቀጠሉ።

ዘሩን ሁሉ እንደ ዳዊት የሚደግሙ ሰው የገዛ እናታቸው ምን እንደገደላት አያውቁም ነበር። በርኖሳቸውን አስተካከሉና፣ “ለመሆኑ ይቺ ሐኪም ምንድን ነው የምትሠራው?” አሉኝ።

“የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ትሥላለች፤ ከዚያ ማን መመርመር እንዳለበት ትመክራለች።”

“እኔ ሳልኖር የእኛ ዘር ሊቆጠር?” አሉ። “አብሬሽ እሄዳለሁ።” ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ባል አላት?” ብለው ጠየቁኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። አጎቴ አምስት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አሏቸው። ወንዱ ወረዳ ግብርና ቢሮ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ጢሙ ሸበት እስኪጀምረው ሳያገባ የቀረ ነው። አባቱ በሄዱበት ሁሉ ለእሱ ሚስት ሳያፈላልጉ አይመለሱም።

ባሕር ዳር ስንገባ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ተሳፋሪዎች ሁሉ፣ “አባቴ፣ ያን በርኖስ ያውልቁት፣ እርስዎን እያየን እኛ አላበን” ሲሏቸው አጎቴ፣ “ብርዱ ተከትሎኝ ቢመጣስ?” ብለው እምቢ አሉ።

ሐኪሟ መነጽር ያደረገች፣ ቀጭን፣ ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። ነጭ ወረቀት ዘርግታ ክብና አራት ማዕዘን መሣል ጀመረች።

“ክቦቹ ሴቶች ናቸው፣ አራት ማዕዘኖቹ ወንዶች” አለች።

አጎቴ ጎንበስ ብለው አዩ። “እኛን ሣጥን ያደረግሽን በምን ጥፋታችን ነው?”

“ደንቡ እንዲህ ነው አባቴ፤ የትም አገር እንዲሁ ነው የሚሣለው።”

“እሺ፣ ቀጥዪ። መጀመሪያ ከበጌምድር ማዶ ተነሥቶ የመጣው አባታችን . . .”

“ሦስት ትውልድ ይበቃናል።”

“ሦስት!” አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ፣ ሰው አታሎ እንዳመጣቸው ሁሉ። “ሦስት ቤት ብቻ እየቆጠርሁ ባጋባ ኖሮ አገሩ በሙሉ እህቱን ያገባ ነበር እኮ!”

እንደ ምንም ተስማሙ። አጎቴ ሰዎቹን ይጠራሉ፤ እኔ ባለቤታቸው የነገሩኝን በሽታ እጨምራለሁ፤ ሐኪሟ የታመሙትን ቀለም ትቀባለች። አያቴ ጠቆረች። ከሥሯ አክስቴና እናቴ ጠቆሩ። ከእናቴ ሥር እህቴ ጠቆረች። ከእህቴ ጎን ባዶ ክብ አለ፤ እኔ ነኝ። ከእኔ ሥር አንዲት ትንሽ ክብ ተንጠልጥላለች። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብሁትን ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ በዓይኔ አየሁት። ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ያስረዳሁት ነገር ነው፤ ግን የማውቀውን ሁሉ ረስቼ፣ “ይህ ባዶው ክብ ምን ማለት ነው?” ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሟ እንደ ተማሪ አላየችኝም። “ገና አናውቅም ማለት ነው” አለችኝ።

አጎቴ የእኔን መጨነቅ አይተው ይሁን የልጃቸው ነገር ትዝ ብሏቸው፣ ወሬውን ቀየሩት።

“አንቺስ ልጄ፣ አገርሽ ወዴት ነው?”

“እኔ እዚሁ ነው ያደግሁት፤ አባቴ ግን የእብናት ሰው ነው።”

“እብናት የማን ልጅ?”

የአባቷን አባት ስም ነገረቻቸው። አጎቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸው ዘንጋቸው ላይ መታ መታ አደረገ። ያቺን አኳኋን አውቃታለሁና ሳቄን ለማፈን በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርሁ። ሐኪሟ አመማቸው ብላ ተነሣች። እርሳቸው ግን ዓይናቸውን ገለጡና ፊታቸው ጭፍግግ አለ።

“አምስት ቤት” አሉ።

“ምኑ?”

“በአባቴ በኩል አምስት ቤት ላይ ትገጥሚናለሽ። የሥጋ ዘመዳችን ነሽ።”

“ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል!”

“ለአንቺ ደስ ይበልሽ” አሉ አጎቴ በረዥሙ ተንፍሰው። “ልጄ ግን እንደ ቆመ ቀረ።”

ሐኪሟ ግራ ገብቷት አየችኝ። የግድ አስረዳኋት። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች፤ ሣቋ ሲበርድላት ደግሞ፣ “ያም ሆነ ይህ ባል አለኝ አባቴ” አለቻቸው።

“እሱን መጀመሪያ ብትነግሪኝ እስከ እብናት ባልደከምሁ።”

ከዚያ ወንበሯን ጠጋ አደረገችና ድምፅዋ ተለወጠ። “አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት። ልጆች አሉዎት?”

“አምስት ሴት፣ አንድ ወንድ።”

ከአጎቴ ሣጥን ሥር አምስት ክብና አንድ ሣጥን አንጠለጠለች። “እርስዎም ደም ቢሰጡ ጥሩ ነው።”

“እኔ? እኔ እኮ ጡት የለኝም።”

“አለዎት እንጂ፣ ትንሽ ስለሆነ ነው። የሴቶቹን ያህል ባይሆንም ወንድንም ይይዘዋል፤ ሌላ ዓይነት ነቀርሳም ሊያመጣ ይችላል። ከዚያ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ እናትዎ ለልጆቻቸው አውርሰውታል። ለእርስዎም ደርሶዎት ከሆነ፣ እርስዎ ምንም ሳይታመሙ ለልጆችዎ አሳልፈው ይሆናል። ለእያንዳንዳቸው የመድረሱና ያለመድረሱ ዕድል እኩል ነው።”

“ምንም ሳልታመም?”

“ምንም ሳይታመሙ።”

አጎቴ ወረቀቱን አዩ። ከእርሳቸው ሥር የተንጠለጠሉትን አምስት ክቦች አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ። ሲያጋቡም ሲያፋቱም እስከ ዛሬ የቆጠሩት ዘር ሁሉ ከላይ ወደ እርሳቸው የመጣ ነበር፤ ከእርሳቸው ወደ ታች ምን እንደሄደ ጠይቀው አያውቁም። ከዚያ ተነሡና በርኖሳቸውን አወለቁ። እኔ እንኳ ያለ በርኖስ ስንት ጊዜ እንዳየኋቸው አላስታውስም፤ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው ለካ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

“ውሰጂ” አሏት።

“አይቸኩሉ፤ ውጤቱን ማወቅ ይፈልጋሉ ወይ ብዬ መጀመሪያ መጠየቅ አለብኝ። ግዴታ አይደለም። አንቺም እንደዚያው” አለችና ወደ እኔ ዞረች።

ላለማወቅ ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ቆመው ሳያቸው እምቢ ማለቱ አሳፈረኝ። አንዲት ነርስ መጥታ ከሁለታችንም በትንሽ ብልቃጥ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ደም ወሰደች። አጎቴ ብልቃጧን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩዋት። “ያ ሁሉ ዘር እዚህች ውስጥ ገባ?” አሉ።

ውጤቱ እስኪመጣ አጎቴ ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ እየወጡ ይደውሉልኝ ነበር። “ደረሰ?” ይሉኛል። “ገና ነው” እላቸዋለሁ። “ደሜ እኮ ከዘራችን ወንዶች መጀመሪያ ባሕር የተሻገረ ነው፤ አገሩን ወዶት ቀርቶ ይሆናል” ይላሉ።

ደረሰና ተጠራን። ሐኪሟ፣ “ለየብቻችሁ ነው የምነግራችሁ” አለች፤ መጀመሪያ እኔ ገባሁ።

“አንቺ ጋ የለም” አለችኝ። እንደ ማንኛዋም ሴት መጠንቀቅና መታየት እንዳለብኝ፣ ለልጄም ከእኔ የሚወርድ እንደሌለ አስረዳችኝ። እልል ማለት ነበረብኝ። ያሰብሁት ግን እህቴን ነው፤ አንድ ማህፀን ውስጥ አድረን እሷ ብቻ የከፈለችው ነገር ሆኖ ታየኝ። ሐኪሟ መሐረብ አቀበለችኝ። “ብዙ ሰው እዚህ ወንበር ላይ የምሥራች ሰምቶ ያለቅሳል” አለችኝ።

ስወጣ አጎቴ ፊቴን አይተው ደነገጡ። “የለብኝም ጋሼ” ስላቸው፣ “እሰይ! ታዲያ ይኼ ምን የሚሉት ፊት ነው?” ብለው ግንባሬን ስመው ገቡ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ዘንጋቸውን እዚያው ረስተውት ነበር፤ ሐኪሟ ተከትላቸው አመጣችላቸው።

“ምን አለችዎ?”

“የእናትዎ ልጅ ነዎት አለችኝ” አሉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አግዳሚው ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ለእህቴ ደወልሁና ለእርሳቸውም እንደደረሳቸው ነግሬ ስልኩን ሰጠኋቸው። ድምፅዋ እስከ እኔ ይሰማል።

“ጋሼ! እኔ ብቻዬን መስሎኝ ነበር። እንኳን ወደ ማኅበራችን በደህና መጡ።”

አጎቴን ሣቅ ፈነቀላቸው፤ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩን። “በዚህ ወር ጽዋው ማን ቤት ነው?” አሏት። እያሳቃቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ እኔም በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ነበረብኝ።

የቀረው ለልጆቻቸው መንገር ነበር። እኔ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለን እንንገራቸው ብዬ ነበር። አጎቴ ግን ለቡሄ በያሉበት፣ “ውርስ ላካፍላችሁ ነው፣ ሁላችሁም ኑ” ብለው ላኩባቸው። እንዲህ ተብሎ የሚቀር ልጅ የለም። ባሎቻቸው ደግሞ ከሚስቶቻቸው ቀድመው ደረሱ። አንደኛው አማች እንዲያውም በመሬት ክርክር የታወቀ ሽማግሌ አጎቱን ይዞ መጣ።

ሙልሙሉ ተቆርሶ፣ ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ አጎቴ ተነሡ። “ላካፍላችሁ ነው ብዬ ጠራኋችሁ። እውነቱን ለመናገር ስትወለዱ አካፍያችኋለሁ፤ ለማን እንደደረሰ ነው የማላውቀው” አሉና ሁሉንም ነገር ነገሯቸው፤ እናታቸውን፣ እህቶቻቸውን፣ የእኔን እህት፣ የራሳቸውንም ደም። እኔ ላግዛቸው ብነሣ በእጃቸው አስቀመጡኝ። አንድ ፍሬ ባቄላ አንሥተው አንደኛው መዳፋቸው ውስጥ ደበቁና ሁለቱንም ጭብጦቻቸውን ለታላቋ ልጃቸው ዘረጉ። “እንዲህ ነው ዕድሉ። የማንም ጥፋት አይደለም፤ የኃጢአት ቅጣትም አይደለም።”

ታላቋ ጭብጦቹን አልነካችም። “ይኼ ነገር ይቀለድበታል እንዴ አባባ?” አለች።

“ካልቀለድሁበት እንዴት ብዬ እነግርሻለሁ?” አሏት። ያን ጊዜ ነው ቤቱ ሁሉ እርሳቸውም እንደፈሩ ያወቀው። ታላቋ ተነሥታ ሁለቱንም እጃቸውን ጨብጣ ሳመቻቸው።

ቀድሞ የተናገረው ሽማግሌ ይዞ የመጣው አማች ነው። “ታዲያ መሬቱስ?” አለ።

“መሬቱ የመንግሥት ነው” አሉ አጎቴ።

ሁሉም አንድ ዓይነት አልተቀበለውም። ሁለተኛዋ ልጅ፣ “እኔ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም፤ ጣራ ገዳም ሄጄ ጠበሌን እጠመቃለሁ” ብላ ነጠላዋን አጣፋች። አጎቴ ይቆጧታል ብዬ ስጠብቅ፣ “መብትሽ ነው፤ ሐኪሟም ግዴታ አይደለም ብላለች” አሏት። ያ ያላገባው ወንድ ልጅ ደግሞ፣ “እኔም ልመርመር?” ሲል፣ “አንተም። ብታገባ ግን የበለጠ ደስ ይለኛል” አሉት።

የተመረመሩት አራት ናቸው። ከእነሱ የደረሳት ትንሿ ሴት ልጃቸው ብቻ ናት። ለመጋባት ቀን ቆርጣ ነበርና ለእጮኛዋ ራሷ ነገረችው። እሱም በበቅሎ ወደ አጎቴ ወጥቶ፣ “ምን ላድርግ?” ብሎ ጠየቃቸው። “እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪሟ ግን ዘመዳችን ናት፣ ሄደህ ጠይቃት” አሉት። ሄደ፤ ግማሽ ቀን ሲጠይቃት ዋለ። ተጋቡ።

አሁን ትንሿ በየጊዜው ባሕር ዳር ሄዳ የጡት ራጅ ትነሣለች፤ እኔም ትምህርት በሌለ ጊዜ አብሬያት እሄዳለሁ። ወልዳ ስትጨርስ ቀዶ ጥገና ታድርግ አታድርግ ከሐኪሟ ጋር እየተመካከሩ ነው፤ ገና አልወሰነችም። ባለፈው ስንሄድ ምንም አልተገኘባትም። ከዚያ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ዓሣ አዘዝን። እሷ ሎሚውን እየጨመቀች ስለ ቤቷ ጣራ ማፍሰስ ስታወራልኝ ስልኬ ጮኸ። ሁለተኛዋ ልጅ ናት፤ ያቺ ማወቅ አልፈልግም ያለችው። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በጎቹ ስታወራኝ ቆየች። ልትዘጋው ስትል፣

“ኧረ ለመሆኑ፣ ያቺ ሐኪም ቅዳሜ ትሠራለች?” አለችኝ።

ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኋትም።

“ትሠራለች” አልኋት። “እስከ ስድስት ሰዓት ናት፤ ረፋዱ ላይ ድረሺ።”